ምክር የሚሰማ ጆሮ፦ የአደጋ ጊዜ ዝግጁነትና የአማካሪዎች መዋቅር

አገርን ከድንገተኛ አደጋ የሚጠብቅ ተቋም እንደ ገና በሚደራጅበት ጊዜ ሁሉ አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሣል፤ ይኸውም «ተጠሪነቱ ለማን ይሁን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ አደጋውን አስቀድሞ ያየ ሰው ቃሉ ወዴት ይደርሳል? የሚሰማውስ ማን ነው?

በአገራችን የወሎ ረኀብ የብዙዎችን ሕይወት ከቀጠፈ በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተመሠረተ። በ1987 ዓ.ም. የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ተባለ። ቆይቶም ሥራው ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተዛወረ፤ በ2008 ዓ.ም. እንደ ገና ኮሚሽን ሆኖ ቆመ፤ በ2011 ዓ.ም. ተጠሪነቱ ለሰላም ሚኒስቴር፣ ኋላም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሆነ። ሚኒስትሮችን የሚያሰባስብ ምክር ቤትም አለው። ከለውጦቹ መካከል የሚመሰገኑ አሉ፤ በ2005 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ትኩረቱን ከአደጋ በኋላ ከሚሰጥ እርዳታ ወደ ቅድመ መከላከል ማዞሩ አንዱ ነው። ነገር ግን የስምና የተጠሪነት መለወጥ ብቻውን ሕይወት አያድንም።

ለዚህ የ1977ቱ ረኀብ ምስክር ነው። በ1976 ዓ.ም. ኮሚሽኑ የመጣውን ጥፋት ለይቶ አስታውቆ ነበር። መንግሥት ግን የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት ለማክበር ሽር ጉድ ላይ ነበር፤ ለጋሽ አገሮችም ዘገዩ። ተቋም ነበረ፤ ማስጠንቀቂያም ነበረ፤ የታጣው ሰሚ ነበር።

የቅርቡንም እናስታውስ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በቀንጮ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ በደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ወገኖቻችን ዐርፈዋል። ከእነርሱም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ። ፍቅራቸው ፍጹም ነበር። «ተራራው ገና አልረጋም፤ ራቁ» የሚላቸው ባለሙያ ግን በአጠገባቸው አልነበረም።

በመጽሐፍ ቅዱስ ፈርዖን የግብፅ ጠቢባን ሁሉ በዙሪያው እያሉ እውነተኛውን ምክር ያገኘው ከእስር ቤት ከወጣው ከዮሴፍ ነው (ዘፍ. 41)። የንጉሡ ማስተዋል የተናጋሪውን ማዕረግ ሳይሆን የነገሩን እውነት መመዘኑ ነበር። ዮሴፍም በጥጋቡ ዘመን ከምርቱ አምስተኛውን እጅ ሲያስቀምጥ፣ እህሉን በየከተማው በዙሪያው ካለው እርሻ አከማቸ እንጂ በቤተ መንግሥት ብቻ አልሰበሰበም።

ስለዚህ አማካሪው አካል በሚደራጅበት ጊዜ ሦስት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ ከሚኒስትሮች ጋር የሜትሮሎጂና የሥነ ምድር ባለሙያዎች፣ እንዲሁም የአርሶ አደሩና የአርብቶ አደሩ ሽማግሌዎች መቀመጫ ይኑራቸው። ሁለተኛ፣ ምክሩ በጽሑፍ ይቅረብ፤ ያልተቀበለው ባለሥልጣንም ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ። ያን ጊዜ «አልሰማንም» ማለት አይቻልም። ሦስተኛ፣ ሹማምንት ቢለዋወጡም የዓመታት ልምድ ያካበቱ ባለሙያዎች በመዋቅር ለውጥ አይበተኑ።

ይህ ጉዳይ ለምእመናንም የቤት ሥራ አለው። ቤተ ክርስቲያናችን በ1964 ዓ.ም. ያቋቋመችው የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን በረኀቡ ዘመን እህል አከፋፍሏል። ከዚህም በላይ መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ሳይቀር አጥቢያ አለ፤ ደወል አለ፤ እያንዳንዱን ቤት በስም የሚያውቅ ካህን አለ። በአማካሪዎች ጉባኤ ቦታ መጠየቅ ተገቢ የሚሆነው ለክብር ሳይሆን ይህን ዕውቀት ለማቅረብ ሲሆን ነው። ሰበካ ጉባኤያትም በየአጥቢያቸው ረዳት የሌላቸውን አረጋውያንና ሕሙማን ከወዲሁ መዝግበው ሊይዙ፣ አደጋ ሲመጣ ማን ማንን እንደሚያወጣ ሊወስኑ ይገባል።

በመጪው ክረምት በተራራ ሥር የምትኖር አንዲት እናት በጓሮዋ የመሬት ስንጥቅ ታይ ይሆናል። የተሻሻለው መዋቅር የሚመዘነው በአዲስ አበባ በተሰቀለለት ሰሌዳ ሳይሆን፣ ይህች እናት ያየችውን ለማን እንደምትነግር በማወቋና ከነገረችም በኋላ ሌሊቱ ሳይመሽ የሚደርስላት በማግኘቷ ነው።