ሙዚቃው ትንሽ ይቆየን

ስለ ፊልም ስናወራ «አየሁት» ነው የምንለው፤ «ሰማሁት» የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ታሪኩን፣ ተዋንያኑን፣ ሲበዛ ደግሞ ካሜራውን እናነሳለን። ድምፅ የሚነሳው ሲበላሽ ብቻ ነው። በእኔ እምነት ግን አንድ ፊልም ተመልካቹን የሚይዘው ወይም የሚያጣው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ሲሆን፣ በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ፍርሃቱንና ጭንቀቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጥረው ድምፅ ነው። ድምፅ ስል ማጀቢያ ሙዚቃ ማለቴ ብቻ አይደለም። እንዲያውም ሙዚቃው ትንሽ ዘግየት ቢል ብዙ የምናተርፍ ይመስለኛል።

ፍሪትዝ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1931 በጀርመን የሠራውን «ኤም» የተባለ ፊልም እንውሰድ። ያኔ ፊልም መናገር ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመታት ነበሩ፤ ለላንግም የመጀመሪያው ድምፅ ያለው ሥራው ነው። ስክሪኑ ገና ጨለማ እንደሆነ የአንዲት ልጅ ድምፅ ይሰማል። ልጆች ክብ ሠርተው እየተጫወቱ ነው፤ የሚቆጥሩበት ግጥም ግን ስለ ነፍሰ ገዳይ ነው። ቀጥሎ አንዲት እናት ምሳ አሰናድታ ልጇን ኤልሲን ትጠብቃለች። ሰዓቱ ይደውላል። ደረጃው ላይ ኮቴ ይሰማል፤ ብቅ ብላ ታያለች፤ የሌላ ሰው ልጆች ናቸው። በዚህ መሐል ኤልሲ መንገድ ላይ ካገኛት ሰው ጋር ነች፤ ሰውዬው ፊኛ እየገዛላት ያፏጫል። በመጨረሻ እናትየው የልጇን ስም ትጣራለች። ካሜራው ባዶውን ደረጃ፣ ልብስ የተሰጣበትን የጣሪያ ሥር፣ ያልተነካውን ሳህን ያሳየናል፤ ጥሪው ግን ይቀጥላል፤ እየራቀ፣ እየሳሳ ይሄዳል። ከዚያ አንዲት ኳስ ከቁጥቋጦ ውስጥ ተንከባልላ ትወጣለች፤ ፊኛውም ሽቦ ላይ ተጠልፎ ይታያል።

ግድያውን አላየነውም። ደም የለም፣ ጩኸት የለም፤ ፊልሙ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ማጀቢያ ሙዚቃ የሚባል ነገርም የለውም። ታዲያ ለምን ይጨንቀናል? ዓይን ከፊቱ ያለውን ብቻ ነው የሚያየው፤ ጆሮ ግን ከግድግዳው ወዲያ ያለውንም ይሰማል። ምንጩ የማይታይ ድምፅ ሲመጣ «ይሄ ምንድን ነው?» ብለን ምስሉን ራሳችን እንስለዋለን። የእናትየው ጥሪ ደግሞ መልስ የሚፈልግ ድምፅ ነው። መልሱ በዘገየ ቁጥር እኛ እያወቅነው እንሄዳለን፤ እሷ ገና ትጣራለች። ፉጨቱም ለማሳመር የገባ አይደለም። ኋላ ላይ ገዳዩን የሚያስይዘው ፊኛ ሻጩ ነው፤ ሰውዬው ዓይነ ስውር ስለሆነ የሚለየው በፉጨቱ ነው።

የሰርጂዮ ሊዮኒ «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» (እ.ኤ.አ. 1968) በኢኒዮ ሞሪኮኒ ሙዚቃ የታወቀ ፊልም ነው፤ ሲከፈት ግን ያ ሙዚቃ የለም። ሦስት ታጣቂዎች ጭር ባለ ባቡር ጣቢያ ሰው ይጠብቃሉ። በነፋስ የሚዞረው ጎማ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ውሃ አንዱ ኮፍያ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ ዝንብ የሌላውን ፊት እየዞረች ትጮሃለች። በቃ፣ ለደቂቃዎች ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ድምፅ የሚሰማው ጸጥ ባለ ቦታ፣ ለዚያውም ጆሮውን አቁሞ ለሚጠብቅ ሰው ስለሆነ፣ እኛም ሳናስበው አብረናቸው መጠበቅ እንጀምራለን።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚቀርበው ግን ዋልተር መርች ድምፁን የሠራለት የኮፖላ «ዘ ኮንቨርሴሽን» (እ.ኤ.አ. 1974) ነው። ካሜራው ከላይ ሆኖ በሳን ፍራንሲስኮ ያለውን ዩኒየን አደባባይ ያሳያል። ሙዚቀኞች ይጫወታሉ፣ ሰው ይተላለፋል። በመሐል የሰው ይሁን የማሽን የማይለይ የተቆራረጠ ድምፅ ጣልቃ ይገባል። ካሴቱ ተበላሸ እንዴ ያሰኛል። ቆይቶ ነው ከፍ ካለ ሕንፃ ላይ ጠመንጃ የሚመስል ረጅም ማይክራፎን የደገነ ሰው የምናየው፤ ለካ ስንሰማ የነበረው የሚሰለሉ የሁለት ሰዎችን ወሬ ነው።

ወደ ራሳችን ልመለስ። ባለፈው ሴሚስተር ክፍል ውስጥ ካየናቸው የቡድን ሥራዎች አብዛኞቹ የተከፈቱት ከኮምፒውተር በተገለበጠ ሙዚቃ ነው። ስለ ሊስትሮ ልጆች የተሠራው በሚያሳዝን ዋሽንት ጀመረ። ሊስትሮ ደንበኛ ሲጠራ ሳጥኑን በብሩሹ ቋ ቋ ያደርጋል፤ ያን ድምፅ ደግሞ የማያውቅ የለም። እሱ ከምስሉ ቢቀድም ኖሮ ዞር ብለን እግራችንን እናይ ነበር። ዋሽንቱ ግን ልጁን ገና ሳናየው «እዘኑለት» ብሎ አዘዘን። ልጁ እኮ በምስሉ ላይ ይስቃል!

የባሰው ስለ ዋጋ ንረት የተሠራው ነው። አንድ ነጋዴ ከመጋዘኑ ወጥቶ በር ሲዘጋ ይታያል፤ ሌላ ያደረገው ነገር የለም። ከሥር የገባው የወንጀል ፊልም ሙዚቃ ነበር። ጽሑፉ ሰውየውን በምንም አይከስም፤ ክፍሉ ግን «ሌባው ይሄ ነው!» ብሎ ሳቀ። ይህንኑ በቃላት ብንጽፈው መምህራችን «ማስረጃችሁ የታለ?» ባሉን ነበር። የላንግ ገዳይ የተፈጠረ ሰው ነው። ነጋዴው ግን በማግስቱ ሱቁን የሚከፍት፣ ጎረቤትና ልጆች ያሉት ሰው ነው።

ሙዚቃ አይግባ እያልኩ አይደለም። «አፖካሊፕስ ናው» (እ.ኤ.አ. 1979) ሲከፈት ሙዚቃ አለ፤ ቀድሞ የሚሰማው ግን የሄሊኮፕተር ክንፍ ነው። ኋላም ያ ድምፅ ሆቴል ክፍል ውስጥ ከሚዞረው ቬንትሌተር ጋር ይቀላቀላል።

«ማይክራፎን አይደርሰንም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እውነትም ነው። ሆኖም ማንም ሳያወራ የአንድን ቦታ ድምፅ አንድ ደቂቃ መቅዳት በሞባይልም ይቻላል። መምህራን ደግሞ ለምስል፣ ለጽሑፍና ለኤዲቲንግ ነጥብ ሲሰጡ ለድምፅም ለብቻው ቢሰጡ መልካም ነው፤ ነጥብ የሌለው ነገር ማንን ያስጨንቃል? የእኛ ቡድን በቀጣይ የሚሠራው ስለ ወፍጮ ቤት ነው። ምስል ከመምጣቱ በፊት የሞተሩ አነሳስ በጥቁር ስክሪን ላይ ለ10 ሰከንድ ይሰማ ብለን ወስነናል። ሁለት ልጆች ግን አሁንም ክራር ይግባ እያሉ እየተከራከሩን ነው።