የማዳጋስካሩ ሐረግ በአዋሽ ዳር

ክሪፕቶስቴጂያ ግራንዲፍሎራ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈስ፣ የማዳጋስካር ደሴት ተወላጅ ሐረግ ነው። ለአበባው ውበትና ከወተቱ ለሚገኘው ጎማ ሲባል በብዙ ሞቃት አገሮች ተተከለ፤ ዛሬ በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ፣ በኢትዮጵያም በምሥራቅ ሸዋ የአዋሽ ተፋሰስ ወራሪ ሆኗል። ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ብርሃን ይነሳዋል፤ ከብት ከበላው ይመርዛል። ሐር መሰል ጠጉር ያለው ዘሩ በነፋስና በጎርፍ ስለሚጓዝ የወንዝ ዳር ግጦሽን ይወርራል። የከፋው ጉዳትም ይኸው ነው፤ በበጋ ከብቱ የሚተርፈው በዚያ ሣር ነውና።

በአዲስ አበባ የሚገኘው ደጋው ጉለሌ ለዚህ ቆላ ወዳድ ሐረግ አይመችም። ሆኖም በ705 ሄክታር ላይ አገር በቀል ዕፅዋትን የሚጠብቀው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ያለው እዚሁ ነው። ይህ ሐረግ ለውበቱ ተተክሎ ወራሪ እንደሆነው ሌላም እንዳይከተል፣ በከተማዋ ችግኝ ጣቢያዎች ለጌጥ የሚባዛ የውጭ ተክል ሁሉ ወደ ቆላ ከተሞች ከመጫኑ በፊት በማዕከሉ ባለሙያዎች ሊመረመር ይገባል።