ድጎማው ለሚነድ ነገር ይሁን ወይስ ለሚቀር ነገር?

የኦጋዴኑ የካሉብ ጋዝ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ አንድ ክርክር በየቦታው እሰማለሁ። "ጋዙ የራሳችን ነው፤ መንግሥት ብር ይመድብና የጋዝ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ይሠራ" የሚሉ አሉ። "ውሃ፣ ንፋስና ፀሐይ እያለን ምን አስቸኮለን?" የሚሉም አሉ። እኔ ነገሩን የማየው ከወገል ጤና ሆኜ ነው። ከዚህ ሲታይ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው።

እስቲ መጀመሪያ ደላንታ ውስጥ ምን እንደሚነድ እንነጋገር። ጋዝ አይነድም። ከከተማ ወጣ ካላችሁ በአብዛኛው ገጠር ኤሌክትሪክም የለም። የሚነደው ኩበትና ባሕር ዛፍ ነው። ኩበት ማለት ደግሞ ማሳ ላይ መበተን የነበረበት ፍግ ነው። ገበሬው ፍጉን ምድጃ ውስጥ አቃጥሎ፣ መሬቱ ሲደክምበት ተበድሮ ዩሪያ ይገዛል። እናቶች ጭሱን ይውጣሉ፣ ልጆች አብረው ይውጣሉ። የኢነርጂ ክርክር እዚህ አገር ከዚህ ምድጃ ካልጀመረ የትም አይደርስም።

ሁለተኛው ወፍጮ ነው። መብራት በሌለበት ቀበሌ ወፍጮው የሚዞረው በናፍጣ ነው። ናፍጣ በጨመረ ቁጥር የማስፈጫ ዋጋ ይጨምራል። መኪና የሌላት እናት የነዳጅ ዋጋን የምታውቀው ማደያ ሄዳ አይደለም፣ ገብሷን አሸክማ ወፍጮ ቤት ስትደርስ ነው።

"ታዲያ ነዳጅ ይደጎም እያልክ ነው?" እንዳትሉኝ። መንግሥት ነዳጅን ለብዙ ዓመታት ሲደጉም ኖሯል። ድጎማውን በየደረጃው ማንሳት የጀመረው ከሐምሌ 2014 ዓ.ም ነው፤ ለሕዝብ ማመላለሻዎች ብቻ በቴሌብር በኩል እንዲቀጥል ተደረገ። ነገር ግን በነዚያ ሁሉ ዓመታት ብዙውን ድጎማ የወሰደው ማን ነበር? ብዙ ሊትር የሚቀዳው ነዋ! በከተማ ሁለት መኪና ያለው ሰው በሳምንት የሚያገኘውን፣ ኩራዟን በጠርሙስ ላምባ የምትሞላ ሴት በዓመትም አታገኘውም። ገንዘቡ የሁላችንም ነበር፤ ነደደ፣ አለቀ።

በ2001 ዓ.ም መብራት በፈረቃ በነበረ ጊዜም እንዲሁ ሆኗል። ችግር ነበርና መንግሥት የናፍጣ ጄኔሬተር ተከራየ። ናፍጣው ነደደ፣ ኪራዩ ተከፈለ፣ ጄኔሬተሩ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። በ2002 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የተከዜ ግድብ ግን 300 ሜጋዋት የማመንጨት አቅሙን ይዞ ዛሬም እዚያው ቆሟል። የኔ ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነው፦ የሕዝብ ገንዘብ ከተደጎመ ለሚነድ ሳይሆን ለሚቀር ነገር ይደጎም።

ስለ ተከዜ ካነሳን አይቀር፣ ምንጩ የት ነው? ላስታ! የደላንታ ውሃስ? በሽሎ ገብቶ ዓባይ ይወርዳል፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ሕዳሴ ጋ ይደርሳል። ለሕዳሴ ቦንድ ገዝተናል፣ ከደመወዝ ተቆርጧል፣ ገበሬው ሳይቀር አዋጥቷል። 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጭ ግድብ ነው፤ እኮራበታለሁ። ግን ውሃችን ቁልቁል ወርዶ መብራት ሆነ፣ መብራቱ ሽቅብ መውጣት አቃተው። በ2011 ዓ.ም የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም በ2017 (በፈረንጆቹ 2025) ለሁሉም ኢትዮጵያዊ መብራት አዳርሳለሁ ብሎ ነበር፤ 65 ከመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 ከመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጪ፣ በተለይ በፀሐይ። ቀኑ አልፏል። እኛ ጋ የጎደለው የማመንጫ ብዛት አይደለም። ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ትራንስፎርመርና ቆጣሪ ነው።

ሽቦ ብቻውንም አይበቃም። ላሊበላ በጦርነቱ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ መብራት መኖሯን አንርሳ። ከሩቅ የሚመጣ መስመር ሲበጠስ ወፍጮው ቆመ፣ የውሃ ፓምፑ ቆመ። ጄኔሬተር ያለውም ናፍጣ አጣ። በዚያ ጊዜ ጣሪያው ላይ ፓኔል የነበረው ቢያንስ ስልኩን ቻርጅ አድርጓል፣ አምፖሉን አብርቷል። በየቀበሌው ያለ ትንሽ የፀሐይ ማመንጫ አንድ ቦታ ስለተመታ አገር ሁሉ አይጨልምም።

አሁን ወደ ጋዙ ልመለስ። የጋዝ ማመንጫን የሚደግፉ ሰዎች አንድ ጥሩ ነጥብ አላቸው፦ ዝናብ ሲጠፋ ግድብ ይጎድላል። እውነት ነው። ግን ወንዝ በሚጎድልበት በበጋ ወቅት ንፋሳችን ይበረታል። አዳማ፣ አሸጎዳና አሰላ ላይ የተተከሉት የንፋስ ማመንጫዎች ውሃውን የሚያግዙት ለዚህ ነው። የጋዝ ማመንጫ ደግሞ ዛሬ ስለተሠራ ብቻ አያበቃም፤ በየዓመቱ ጋዝ መብላት አለበት፣ ድጎማውም ይከተለዋል። ባለሀብት በራሱ ገንዘብና በራሱ ኪሳራ ልሥራ ካለ ይሥራ። ካሉብ ለኛ ለገበሬዎቹ የሚጠቅመው ጎዴ ላይ ከዳንጎቴ ጋር መሠረቱ ለተጣለው፣ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ያመርታል ለተባለው ፋብሪካ ሲውል ነው። ዩሪያ ከፀሐይ ፓኔል አይወጣም፣ ከጋዝ ግን ይወጣል። ሁሉም በየሙያው!

"ድጎማ አንስቶ ሕዝቡን ከማስራብ" ለሚሉኝም፣ ስጋታቸው ትክክል ነው። ናይጄሪያ በግንቦት 2015 (በፈረንጆቹ 2023) የቤንዚን ድጎማዋን በአንድ ጊዜ አነሳች፤ ዋጋው በቀናት ውስጥ ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ዘለለ፤ ሰዉ በምትኩ የሚይዘው ነገር አላየም። ከድጎማው የሚተርፈው ብር የት እንደገባ በዓይኑ ካላየ ገበሬው ለምን ይመን?

ስለዚህ እንዲህ ይሁን እላለሁ። ከነዳጅ ድጎማ ከሚተርፈው ገንዘብ ላይ በግልጽ ተቆጥሮ ድርሻ ይመደብ። መስመር ባለበት ከተማና ቀበሌ የቆጣሪ ማስገቢያ ይደጎም፣ ለኤሌክትሪክ ምጣድ ብድር ይመቻች፤ የኩበት ጭስ የሚቀንሰው እንደዚያ ነው። መስመር ቶሎ በማይደርስበት ቆላም ደጋም ለጤና ኬላ፣ ለውሃ ፓምፕና ለወፍጮ የሚበቃ የቀበሌ የፀሐይ ማመንጫ ከነባትሪው ይተከል። አንዲት የቤት ፓኔል ወፍጮ አታዞርም፤ አምፖል አድሎ ፎቶ መነሳት ይብቃ። ከሁሉም በላይ የጥገና በጀትና ከአካባቢው የሠለጠነ ልጅ ይኑር። ባትሪው ሲደክም የሚቀይረው ከሌለ እሱም የቆመ ብረት ነው የሚሆነው።

ሰማያችን ከዓመት ዓመት ፀሐይ አያጣም፤ የደላንታን ንፋስ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። የጎደለው ብሩን ወዴት እንደምንልክ መወሰን ነው።

እናንተ ጋስ ወፍጮው በምን ይዞራል? በናፍጣ ነው በመብራት? ስንት ታስፈጫላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።