ያረጁ የኒውክሌር ተቋማት ፈቃድ እድሳት፦ ከግንባታው በፊት ሊጻፍ የሚገባው ሕግ

ኢትዮጵያና ሩሲያ በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሞስኮ የድርጊት መርሐ ግብር ከተፈራረሙ በኋላ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ጉዳይ ከሐሳብ ወደ ዝግጅት ተሸጋግሯል። በዚህ ደረጃ የቦታ መረጣ፣ የገንዘብ ምንጭና የባለሙያ ሥልጠና ቀድመው መነሣታቸው ተገቢ ነው። ይሁንና ከእነዚህ እኩል ዛሬ መልስ የሚሻ፣ ግን የሩቅ ዘመን ጉዳይ የሚመስል ሌላ ጥያቄ አለ። ማመንጫው ሲያረጅ ሥራውን ይቀጥል ወይስ ያቁም የሚለውን ማን፣ በምን መረጃ ይወስናል? የዚህ ጽሑፍ አቋም መልሱ ከግንባታው በፊት በሕግ መደንገግ አለበት የሚል ነው።

ጥያቄው ለአዲስ አበባ ፍጹም እንግዳ አይደለም። በንፋስ ስልክ ላፍቶ በጎፋ፣ በመካኒሳ፣ በለቡና በጀሞ ባሉ የጤና ተቋማት የራጅ መሣሪያ የዕለት ተዕለት መገልገያ ነው። በአጎራባቹ አቃቂ ቃሊቲ ደግሞ የገንዲ በሽታ አስተላላፊ የሆነውን ቆላ ዝንብ በጨረር የሚያመክን ማዕከል በ1999 ዓ.ም. ተመርቋል። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ለብዙ ዓመታት የካንሰር ሕሙማንን በኮባልት 60 ጨረር ሲያክም ኖሯል። የኮባልት 60 ግማሽ ዕድሜ 5.27 ዓመት ገደማ ነው፤ ከአሥር ዓመት ተኩል በኋላ የጨረሩ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ያንኑ መጠን ለመስጠትም አራት እጥፍ ጊዜ ይፈጃል። መሣሪያው ሳይሰበርም ያረጃል ማለት ነው። ያረጀ ምንጭ ባለቤት ሲያጣ ደግሞ የሚያስከትለውን እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚሏ ጎያኒያ የደረሰው አደጋ አሳይቷል፤ በተተወ ክሊኒክ የቀረ የሲዝየም ምንጭ ተፈልቅቆ አራት ሰዎችን ገድሏል።

በኃይል ማመንጫ እርጅናው የበለጠ የተወሳሰበ ነው። ሬአክተሩን የያዘው ግፊት ተሸካሚ ጋን ለዓመታት በኒውትሮን ሲደበደብ ብረቱ ተሰባሪ ይሆናል፤ የኤሌክትሪክ ገመዶች ሽፋን በሙቀትና በጨረር ይደርቃል፤ ኮንክሪት ይሰነጠቃል፤ የመለዋወጫ አምራቾች ከገበያ ይወጣሉ፤ ተቋሙን የገነቡት ባለሙያዎችም በጡረታ ይሰናበታሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በዓመታዊ ጉብኝት አይታዩም። የሚታወቁት በመጀመሪያው ቀን የተመዘገበ የመነሻ ልኬት ካለና ከኋለኛው ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው።

ዓለም ለዚህ ችግር ሁለት ዓይነት መንገድ ይከተላል። አሜሪካ ለ40 ዓመት ፈቃድ ትሰጣለች፤ ከዚያም በየ20 ዓመቱ ታድሳለች። የ40 ዓመቱ ገደብ መነሻው ከቴክኒክ ይልቅ ኢኮኖሚያዊና የገበያ ውድድርን የሚመለከት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተሻሻለው የእድሳት ደንብ ግምገማውን በዋናነት በማይንቀሳቀሱና ለረጅም ጊዜ በሚያገለግሉ አካላት ላይ አተኩሮ አቀላጥፎታል፤ ፓምፕን የመሰሉ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች በመደበኛው የጥገና ቁጥጥር ይሸፈናሉ በሚል እሳቤ ነው። ፈረንሳይ በበኩሏ የፈቃድ ማብቂያ ሳትወስን እያንዳንዱ ሬአክተር በየ10 ዓመቱ ከወቅቱ የደኅንነት ደረጃ ጋር እንዲመዘን ታስገድዳለች። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የወቅታዊ ደኅንነት ግምገማ መመሪያም 14 የደኅንነት መመዘኛዎችን ይዘረዝራል።

የሂደቱ ፈተና በአፍሪካም ታይቷል። የደቡብ አፍሪካው ኩበርግ የመጀመሪያ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራ ጀምሮ የ40 ዓመት ፈቃዱ በሐምሌ 2024 የሚያበቃ ነበር። የ20 ዓመት ማራዘሚያው የተፈቀደው ቀነ ገደቡ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነው። ውሳኔው ትክክል ነው ብሎ መቀበል ይቻላል፤ ሆኖም መብራት በሚቆራረጥበት አገር ቀነ ገደቡ ደጃፍ ላይ የሚወሰን ጉዳይ በተቆጣጣሪው ላይ የሚያሳድረው ጫና ቀላል አይደለም። ያን ጊዜ «አይቻልም» ማለት እጅግ ውድ ይሆናል።

ከዚህ በመነሣት ለኢትዮጵያ አራት ነጥቦች ይጠቅማሉ። አንደኛ፣ የፈቃድ ዘመንና የየ10 ዓመቱ ግምገማ ተጣምረው ይደንገጉ፤ ግምገማውም ተቋሙ በተሠራበት ዘመን ሳይሆን በግምገማው ዘመን ደረጃ ይለካ። ሁለተኛ፣ የእርጅና መዝገብ የሥራ ማስጀመሪያ ፈቃድ ቅድመ ሁኔታ ይሁን፤ ቅጂውም በተቆጣጣሪው እጅ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ የእድሳት ማመልከቻ ፈቃዱ ከማብቃቱ ቢያንስ አምስት ዓመት አስቀድሞ ይቅረብ፤ ውሳኔውም አማራጭ የኃይል ምንጭ ለማዘጋጀት ጊዜ በሚሰጥ ቀን ይታወቅ። አራተኛ፣ የግምገማው ውጤት ከጸጥታ ምሥጢር በስተቀር ለሕዝብ ይገለጽ።

እነዚህ ሁሉ ግን በተቆጣጣሪው ነጻነት ላይ የቆሙ ናቸው። አገሪቱ በዘርፉ ባዶ እጇን አይደለችም፤ ከ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 79 ጀምሮ የጨረር መከላከያ ሕግና ተቋም ነበራት፤ በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1025ም የኒውክሌር ጉዳይን አካቷል። ቀሪው ሥራ ማመንጫውን የሚያስፋፋው አካልና የሚቆጣጠረው አካል በበጀትም በተጠሪነትም እንዳይደባለቁ ማድረግ ነው። ተጫዋችም ዳኛም በሆነ ተቋም እጅ የተሻለው መመሪያ እንኳ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንዱ «ያልተወለደ ልጅ እርጅና ምን ያሳስባል?» የሚል ነው። መልሱ ከላይ የተጠቀሰው የመነሻ ልኬት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ያልተለካ ብረት በ40ኛው ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ አይለካም። ሌላው ጥብቅ ግምገማ ወጪ ያበዛል የሚል ሲሆን፣ ይህ በከፊል እውነት ነው። ስለዚህም ጥብቅነቱ እንደ አደጋው ክብደት ሊመጠን ይገባል፤ የክሊኒክ ራጅና ሬአክተር በአንድ መስፈርት አይመዘኑም። ዳሩ ግን ባለሀብትንም ሆነ አበዳሪን የበለጠ የሚያስፈራው የሕግ ጥብቅነት ሳይሆን የውሳኔው ቀንና መመዘኛ አለመታወቁ ነው።

የመጀመሪያውን ማመንጫ ዕድሜ ለማራዘም ወይም ለመዝጋት የሚወስኑት ሰዎች ምናልባት ገና አልተወለዱም። ለእነርሱ ሊተላለፍ የሚችለው ትልቁ ቅርስ የተሟላ መዝገብና ያለ ፍርሃት «ይበቃል» ማለት የሚያስችል ሕግ ነው። ሁለቱም ዋጋቸው ዛሬ ትንሽ ነው።