መኪናው በርካሽ፣ ቀለሙ በእሳት ዋጋ

ባለፈው ዓመት ለማስተማር ልምምድ በተመደብንበት አንድ ትምህርት ቤት፣ በጸሐፊዋ ክፍል ጥግ ላይ የጥልፍ ጨርቅ የለበሰ ነገር አይተን ቴሌቪዥን መስሎን ነበር። ጨርቁ ሲነሣ አዲስ «ስሪ ኢን ዋን» ሆኖ ተገኘ። ይኸውም ማተሚያው፣ ፎቶ ኮፒ ማንሻውና ስካነሩ በአንድ አካል የተሰበሰቡበት መሣሪያ ነው። በእርዳታ የመጣ ሲሆን ሥራ የፈታው አብሮት የመጣው ቶነር ያለቀ ዕለት ነው። ሌላ ለመግዛት በጀት አልተገኘም። ታዲያ ፈተናው የት ይባዛል ቢሉ፣ አስፋልት ዳር ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት። ተማሪው የወረቀት ገንዘብ ያዋጣል። ያላዋጣው ጥያቄውን ከጥቁር ሰሌዳ ይገለብጣል፤ ጓደኛው አምስተኛውን ጥያቄ ሲሠራ እሱ ገና ሁለተኛውን ይጽፋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸ አይደል?

ከልምምድ ተመልሰን ስንወያይ አንዳንድ ጓደኞቻችን ጥፋቱን በሙሉ በርእሰ መምህሩ ላይ ጣሉት። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። የነገሩ ሥር መሣሪያዎቹ በሚሸጡበት የገበያ ዘዴ ላይ ነው።

ቼስተር ካርልሰን የተባለው አሜሪካዊ በደረቅ ዱቄት የሚሠራውን የኮፒ ዘዴ የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ዛሬ ዜሮክስ የምንለው ኩባንያ በዚሁ ዘዴ የሠራውንና ወደ 300 ኪሎ የሚመዝነውን 914 የተሰኘ መኪና እ.ኤ.አ. በ1959 ለሕዝብ አሳየ። መኪናው ውድ ስለነበር ኩባንያው በኪራይ ሰጠው፤ ኪራዩ በወር 95 ዶላር፣ 2,000 ቅጂ ድረስ ሌላ ክፍያ የለም፣ ከዚያ በላይ ግን ለእያንዳንዱ ቅጂ 4 የአሜሪካ ሳንቲም። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ትርፉ ገና ያኔ ከገጽ ላይ ነበር የሚለቀመው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኩባንያው ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ባደረገው ስምምነት የፈጠራ መብቱን ለሌሎች ለማካፈል ሲገደድ ጃፓኖች ገበያውን አጥለቀለቁት። ካነን እ.ኤ.አ. በ1982 ዱቄቱንም ከበሮውንም በአንድ ተነቃይ ካርትሪጅ የያዘ ትንሽ ኮፒ ማንሻ አወጣ። ካርትሪጁ ሲያልቅ ጥሎ ሌላ መግዛት ነው። ኤችፒ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው የመጀመሪያው ሌዘርጄት 3,495 ዶላር ነበር፤ ዛሬ ከ200 ዶላር በታች የሚሸጥ ሌዘር ሞልቷል። ነጋዴው ቸር ሆኖ ነው? ኧረ የለም! ፈረሱን በርካሽ ሰጥቶ ገብሱን በወርቅ መሸጥ ነው።

ገብሱን ከሌላ እንዳንገዛ ደግሞ በካርትሪጁ ላይ ቺፕ ይለጠፍበታል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 የኤችፒ ማተሚያዎች የሌላ ፋብሪካ ካርትሪጅ በድንገት አንቀበልም በማለታቸው ብዙ ጩኸት ተነሥቶ ነበር። በማግስቱ ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሌክስማርክ ከካርትሪጅ ሞይዎች ጋር በተከራከረበት ጉዳይ፣ አንድ ኩባንያ ካርትሪጁን ከሸጠ በኋላ በፓተንት መብት እንዳይሞላ ሊከለክል አይችልም ሲል ፈረደ። ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም የቺፕ እጥረት ሲመጣ ካነን ራሱ ቺፕ የሌለው ቶነር ለመሸጥ ተገደደ፤ ማሽኑ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ እንዴት እንደሚያልፉትም ደንበኞቹን አስተማረ። ማሽኑ ያለ ቺፕ መሥራት ይችል ነበር እኮ!

አሁን በሀብታም አገሮች ቢሮዎች የሚታተመው ወረቀት እየቀነሰ ነው። ኩባንያዎቹም እየተጠቀለሉ ነው፤ ኤችፒ የሳምሰንግን የማተሚያ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2017፣ ዜሮክስ ደግሞ ሌክስማርክን በ2025 ጠቅልለው ወስደዋል። ይህን የሰሙ ጓደኞቻችን «ወረቀት ሊቀር ነው፣ ታብሌት ይመጣል» ይሉናል። ይምጣ፤ እስኪመጣ ድረስ ግን ፈተና በወረቀት ነው።

ከገበያው የምንወድደው አንድ አቅጣጫ አለ። በኢንዶኔዥያ ሰዎች ከማተሚያቸው ጎን ጠርሙስ አስረው፣ በቀጭን ቱቦ ቀለም እየሳቡ ማተም ለምደው ነበር። ኤፕሰን ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ባለ ቀለም ጋን ማተሚያ እዚያው ለገበያ አቀረበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። የብልሃቱ ምንጭ እንደ እኛው ገንዘብ ያጠረው ሕዝብ መሆኑ ደስ አሰኝቶናል።

እስቲ እናስላው። አንድ ትምህርት ቤት 800 ተማሪ፣ 8 ትምህርት፣ ለእያንዳንዱ ፈተና 2 ገጽ አለው እንበል። 12,800 ገጽ ይሆናል። በየቢሮው የምናውቀው የኤችፒ 85ኤ ቶነር 1,600 ገጽ ያትማል ይባላል፤ ስለዚህ ለአንድ ፈተና ወቅት 8 ቶነር ያስፈልጋል ማለት ነው። ያውም 1,600 የሚባለው የገጹን 5 በመቶ ያህል ብቻ ቀለም ሲነካው ነው። የባዮሎጂ ሥዕል ሲገባበትማ ምኑ ቅጡ! በባለ ጋኑ አንድ የጥቁር ቀለም ጠርሙስ 4,500 ገጽ የሚያትም ስላለ 3 ጠርሙስ ይበቃል። ቶነሩም ቀለሙም ከውጭ የሚገባ ነው፤ የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የ8ና የ3 ልዩነት ቀላል አይደለም።

ባለ ጋኑ እንከን የለሽ ነው ማለታችን ግን አይደለም። ክረምቱን ሙሉ ሳይሠራ ከቆየ ቀለሙ ራሱ ላይ ይደርቃል፤ ፍጥነቱም ከሌዘሩ ያንሳል። ለአንድ ገጽ ብዙ መቶ ቅጂ የሚፈልግ ትምህርት ቤት የቀድሞው የስቴንስል ማባዣ ልጅ የሆነውን ሪሶግራፍን ቢያስብ ይሻለዋል። አንዴ ማስተሩ ከተቀረጸ በደቂቃ ከ100 ቅጂ በላይ ያወጣል፤ ለ10 ቅጂ ግን ማስተር ማባከን ነው። የተሞላ ቶነርም አንዳንዴ ያፈሳል የሚሉት ወገኖች ሐሰት አልተናገሩም፤ የሞይው እጅ ይወስነዋል።

የእኛም ተቋም ለማባዣ ክፍሉ አዲስ መሣሪያ ሊገዛ ነው ሲባል ሰምተናል። የግዥ ኮሚቴው የመኪናውን ዋጋ ብቻ አወዳድሮ እንዳይወስን እንጠይቃለን። በዋጋ ማቅረቢያው ላይ አንድ ገጽ ስንት እንደሚፈጅ፣ ቶነሩ ወይም ቀለሙ እዚሁ ከተማ ይገኝ እንደሆነ፣ ቺፑ ሌላ ካርትሪጅ ይከለክል እንደሆነ ሻጩ በጽሑፍ ይመልስ። የሁለት ዓመት ቀለምም ከመኪናው ጋር በአንድ በጀት ይያዝ። ነገ በየትምህርት ቤቱ የግዥ ኮሚቴ አባል ሁኑ የምንባለው እኛው ነንና ስሌቱን ከአሁኑ ብንለምደው ምን ይጎዳናል?

የዚያን ባለ ጥልፍ መሣሪያ የሞዴል ቁጥር ጽፈን ይዘናል። ቀጣዩ ልምምድ ሳይደርስ ቶነሩን የሚሞላ ባለሙያ እየፈለግን ስለሆነ፣ እጁ የተመሰከረለት ሰው የሚያውቅ ጓደኛ ቢኖር ለዚህ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ይንገርልን።