ከውሻችን ጋር ወደ ተራራ ስንወጣ

ክረምቱ አለፈ፤ ጥቅምት ገባ። ሰማዩ ጠራ፤ የዳገቱ ጭቃም ደረቀ። በዚህ ወር ከጉለሌ በላይ ወዳለው ወደ እንጦጦ ተራራ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። እንጨት የሚለቅም አለ። በግ የሚጠብቅ አለ። ለጤናው ብሎ የሚራመድም አለ። ብዙዎቹ ታዲያ ውሻቸውን ያስከትላሉ። ውሻ ጥሩ ጓደኛ ነው። ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፤ በግ ሲጠፋ ይፈልጋል።

የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ይሆናል። በጫፉ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ሁለት ቦታ ይከፈላል። በደቡብ በኩል የወረደው በጉለሌ አልፎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል። በሰሜን በኩል የወረደው በሱሉልታ አድርጎ ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል። ከጉለሌ በስተ ምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ፣ የገፈርሳ ግድብ አለ። ግድቡ የተሠራው በ1930ዎቹ ዓ.ም. ነው። የክረምቱን ውሃ አጠራቅሞ ለአዲስ አበባ ሕዝብ ያጠጣል። እንግዲህ ከላይ ተራራ ላይ የምናደርገው ሁሉ ከታች ያለውን ሰው ይነካል ማለት ነው።

ከውሻ ጋር መሄድ ደስ ይላል። ነገር ግን ተራራው ላይ የእኛ ውሻ ብቻ አይደለም ያለው። ባለቤት የሌለው ውሻ አለ። ጅብና ቀበሮም አሉ። እነዚህ ሲናከሱ የእብድ ውሻ በሽታ ካንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። የኛ ውሻ ጠዋት ጤነኛ ሆኖ ወጥቶ፣ ማታ በሽታውን ይዞ ሊገባ ይችላል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት 100 ሰዎች 99ኙ በሽታውን ያገኙት ከውሻ ነው። ከእነሱም መካከል ብዙ ልጆች አሉ።

በሽታው ያለበት ውሻ ጠባዩ ይለወጣል። ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። ድምፁ ይጎረናል። ልሃጩ ይዝረበረባል። መዋጥ ያቅተዋል። አንዳንዱ ግን አይቆጣም፤ ዝም ብሎ ጥግ ይዞ ይተኛል። ስለዚህ «ይሄ እንኳ ጨዋ ነው» ብለን አንጠጋው።

አንድ እረኛ ልጅ እግሩን ተነከሰ እንበል። ቁስሉ ትንሽ ነው። በሳምንት ይድናል። እናቱም «እሰይ፣ ተረፈልኝ» ትላለች። በሽታው ግን ውስጥ ለውስጥ ይጓዛል። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ድረስ ተደብቆ ይቆያል። ልጁ ውሃ መጠጣት ሲያቅተውና ውሃ ሲያይ ሲደነግጥ፣ ያን ጊዜ ጊዜው አልፏል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ምልክቱ ሳይታይ ግን መዳን ይቻላል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ እንጠበው። ሰዓት ባይኖረን እንኳ ሳንቸኩል ደጋግመን እንጠበው። አመድ፣ በርበሬ ወይም ቅቤ አንቀባበት።

ሁለተኛ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ክትባቱን እንጠይቅ። ቀጠሮ ሲሰጠን አንድም ቀን አናሳልፍ። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ክትባቱን ግን አይተው።

ሦስተኛ፣ የነከሰው ውሻ ከታወቀ ለጤና ጣቢያው እንናገር። ጤነኛ የሚመስል ከሆነ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ። እኛ ግን 10 ቀን ቆጥረን አይደለም ወደ ሐኪም የምንሄደው።

አራተኛ፣ ውሻው ከሞተ ሬሳውን በባዶ እጅ አንንካ። ወንዝና ገደል ውስጥም አንጣለው። አውሬ ይበላዋል፤ ውሃውም ይበላሻል። ከውሃ ራቅ አድርገን በጥልቅ ጉድጓድ እንቅበረው።

አምስተኛና ዋናው፣ ውሻችንን በየዓመቱ እናስከትብ። በአንድ አካባቢ ካሉት 100 ውሾች 70ው ከተከተቡ በሽታው መዛመቱን ያቆማል። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ቢያስከትብ አይበቃም። ጎረቤት ከጎረቤት ተነጋግሮ የእንስሳት ሐኪሙን ይጥራ።

ይህን ክትባት ለሰው ልጅ መጀመሪያ የሠራው ሉዊ ፓስተር የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ ነው። በ1877 ዓ.ም. ውሻ የነከሰውን አንድ የ9 ዓመት ልጅ ወግቶ አዳነው። እዚሁ ጉለሌ ውስጥ «ፓስተር» የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው በዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። የእብድ ውሻ በሽታን ሲመረምርና ክትባት ሲሠራ የኖረ ቤት ነው። የተነከሱ ሰዎች ከሩቅ አገር ሳይቀር ወደዚያ ሲሄዱ ኖረዋል።

ተራራው ያው ነው፤ ጥቅምትም ያው ነው። ውሻው የተከተበ እንደሆነ ግን መንገዱ ሰላም ነው።

አንብበን እንመልስ፦
1. ቁስሉ ከዳነ በሽታው ጠፍቷል ማለት ነው? ለምን?
2. የሞተ ውሻ ወንዝ ውስጥ የማይጣለው ለምንድን ነው?
3. በሰፈራችን ስንት ውሻ አለ? ስንቱስ ተከትቧል? ቆጥረን እንጻፍ።