የቤተሰብ ፎቶግራፍ፤ በፊልም ወይስ በዲጂታል?

ለዘመድ ሠርግ ወደ ሰቆጣ ሄደን ሳለን፣ ከከተማው አጠገብ ባለው፣ ከአለት በተፈለፈለው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አክስቴን በቀትር ፀሐይ በዲጂታል ካሜራ አነሣኋቸው። ምስሉን ባሳየኋቸው ጊዜ፣ «ልጄ፣ የነጠላዬ እጥፋት ወዴት ሄደ? ኖራ የተቀባሁ መሰልሁ እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ወዲያውም እናቴ በዚያው ስፍራ በ1975 ዓ.ም. የተነሡበትን ፊልም ከሣጥናቸው አወጡልኝ፤ በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲሰደዱ በመቀነታቸው ቋጥረው ያዳኑት ነው። በብርሃን ፊት ይዤ ባየው፣ በኔጋቲቭ ላይ ነጩ ጥቁር ሆኖ ይታያልና ነጠላው ጠቍሯል፤ እጥፋቱ ግን አንድም አልጐደለም።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። የኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት የሚጠግበው ቀስ በቀስ ነው። ዲጂታሉ ግን እንደ እንስራ ነው፤ ከሞላ በኋላ የሚጨመርበት ሁሉ ፈሶ ይቀራል፤ ባዶ የሆነውም ነጭ በማናቸውም ማረሚያ አይመለስም። የካሜራዬ ነጥብ 24 ሚሊዮን ነው፤ ለነጠላው ግን አልረባም። ስለዚህ በደጋ ፀሐይ ሸማ የለበሰ ሰው በዲጂታል ሲነሣ፣ የብርሃኑን ልክ ለሸማው መወሰን ይገባል፤ የጨለመውን ፊት ኋላ ማብራት ይቻላልና። ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ በጧፍ ብርሃን የቆሙትን ካህን ፊት ዲጂታሉ አጥርቶ አሳየ፤ በፊልም ቢሆን ሻካራ ይሆን ነበር።

ፊልሙን ይዤ አዲስ አበባ ስመለስ በስካነር እንዲገለብጡልኝ ለአንድ ፎቶ ቤት ሰጠሁ። የተገለበጠው ምስል ፊቱ የደበዘዘ ሆነና ብጠይቅ፣ «ፊልሙ አርጅቷል» አሉኝ። ነገር ግን 24 በ36 ሚሊሜትር የሆነውን ፊልም በኢንች 600 ነጥብ ብቻ ስለ ገለበጡት፣ የምስሉ ጠቅላላ ነጥብ 500 ሺህ እንኳ አልሞላም ነበር። በሌላ ስፍራ በ2400 ባስገለበጥሁት ጊዜ ወደ 7 ሚሊዮን 700 ሺህ ደረሰ፤ በእናቴም አንገት ላይ የነበረው ንቅሳት ብቅ አለ። ካረፉ 12 ዓመት ሆኗቸዋል፤ ንቅሳቱን ረስቼው ኖሯል።

ልጄ ይህን አይቶ፣ «አባባ፣ እንግዲህ ፊልሙ ምን ያደርጋል? ይጣል» ቢለኝ ከለከልሁት። የፊተኛው ስካነር ንቅሳቱን አላየም ነበር፤ ይህኛውስ ያላየው ምን እንደ ቀረ ማን ያውቃል? ፊልሙን በደረቅ ወረቀት ጠቅልዬ ለአክስቴ መልሼ ላክሁላቸው።